በሐረግወይን ስም የተቆጠረው ክፍል

ሐረግወይን ገማቾቹን ክትፎ ባታበላ ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ግን ምን ታድርግ፣ ከጉራጌ ይዛው የመጣችው ዓመል ነው፤ ግብር ሊጭንባት የመጣውንም ሰው ቢሆን ከደጇ ጦሙን አትመልስም።

የመንግሥት ገማቾች የነቀምቴውን ቤቷን ሊለኩ የመጡ ዕለት፣ በሁለቱ ክፍሎቿ የጭቃ ወለል አፈረችና በአጥሩ ክፍተት አሻግራ ጎረቤቷ ኦቦ ደረሳ አዲስ ባሠራው ባለሲሚንቶ ክፍል አስቀመጠቻቸው። በሰፈሩ የከበረ እንግዳ ሲመጣ የተሻለ ክፍል መዋዋስ ነውር አልነበረም። ሰዎቹም በልተው፣ መርቀው፣ ክፍሉን በሷ ስም መዝግበው ሄዱ።

ባሏ ገብረመስቀል ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በሱቋ ነበር። ከቢላና ከአኖ ከተሞች የሚመጣው ተሳፋሪ ደጇ ላይ ይወርድ ነበርና አልቸገራትም። በኋላ መናኸሪያው ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። የመንገዱ ሱቆች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ እሷም ከጨውና ከክብሪት በቀር የምትሸጠው አጣች። የቤቱ ግብር ግን ንቅንቅ አላለም። የሁለት ዓመት ውዝፍ ሲሆን ቀበሌው፣ እስከ ሐምሌ ካልከፈለች ቤቱን እንደሚረከባት ጻፈ።

ወረቀቱን ያነበበላት ደረሳ ነው። ግብሩ የሚታሰበው ቤቱ ቢከራይ በዓመት በሚያወጣው ልክ እንደሆነ፣ ገበያው ከወደቀ ደግሞ ግምቱ እንዲታይላት ማመልከት እንደምትችል አስረዳት። ወዲያው ጣቱ «ሦስት ክፍል» የሚለው ላይ ቆመ። ገማቾቹ የበሉበት የደረሳ ክፍል በሷ ላይ መቆጠሩ ለሁለቱም ገባቸው። ደረሳ ያንን ክፍል አላስመዘገበም ነበር። በኔ ጥፋት ጎረቤቴን አላስቀጣም፣ ቤቱም ይሂድ አለች በሆዷ።

ማመልከቻው በሚታይበት ቀን ደረሳ አብሯት ሄደ። ማመልከቻውን የሚያየው ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ዋጋሪ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስለ ገበያው የነገረችውን አምኖ ከግምቱ ጥቂት ቀነሰላት። የቀረውም ቢሆን ከአቅሟ በላይ ነበር።

«ባለሲሚንቶው ክፍል ግን ያንቺ ነው አይደል?» አላት።

ሐረግወይን አቀረቀረች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሷ ዝምታ ግን ቤቷን ሊበላ ነበር።

ያኔ ደረሳ ተነሣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ክፍሉ የኔ ነው። እሷ እንግዳ አስቀመጠችበት እንጂ የሷ አይደለም። አላስመዘገብኩትም፤ በኔ ስም ይጻፍ።»

ተጻፈ። የሷ ግብር ከግማሽ በታች ወረደ፤ ውዝፉንም ቀስ እያለች እንድትከፍል ተፈቀደላት። በደረሳ ላይ ግብሩ ከነቅጣቱ ተጣለበት።

በመንገድ ላይ ዕንባዋ አላስኬድ አላት። ቅጣቱን እንካፈል ብትለው እንቢ አለ።

«ኦቦ ደረሳ፣ ምነው ዝም ቢሉ?»

«አዴ ሐረግወይን፣ ግብሩን እንደ ምንም ብዬ እከፍለዋለሁ። ማለዳ ‹አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ› ስል ካንቺ ቤት ሌላ ሰው ቢመልስልኝስ? እሱን አልችለውም።»

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል ስትሰማ ኖራለች፤ እንዲህ አንጀቷ ገብቶ ግን አያውቅም። ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል መንገዱ ላይ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። ለምስጋናዋ አማርኛውም ጉራጊኛውም አነሰባት፤ በገዛ ቋንቋው «ገለቶማ፣ ኦቦ ደረሳ፣ ገለቶማ» አለችው።