ያልተፈተገ ሠላሳ ፍሬ

ሁዳ ላስቲኩን ፈትታ ስታይ ክው አለች። ጥቁር መሆን የነበረበት ገብስ ነጥቷል።

“እትዬ ኡምኩልሱም፣ ምን አደረጉት?”

“ፈተግኩታ!” አሉ ባለ ገብሷ፣ ሙቀጫውን በኩራት እያሳዩ። “ከነገለባው ለሰው አገር ይላካል እንዴ? ምን ይሉናል?”

ጥፋቱ የሁዳ ነበር። ከመካነ ሰላም ደውላ ገብስ እንዲያዘጋጁላት ስትነግራቸው፣ ሳይፈተግ ማለቱን ረስታለች። እሳቸው ደግሞ ለክቡር እንግዳ የሚደረገውን አደረጉ።

ሁዳ የሰብል ተመራማሪ ናት። ውጭ አገር ያለው ሲንክሮትሮን የሚባለው ግዙፍ መሣሪያ፣ በሚያመነጨው ኃይለኛ ኤክስሬይ ብረትና ዚንክ ፍሬው ውስጥ የት የት እንደተቀመጡ ሳይፈጭ ያሳያል። ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታ ገብሱን በመሣሪያው እንድትመረምር ሦስት ቀን ተፈቅዶላታል። በረራዋ ነገ ነው። ሽፋኑ የተላጠ ፍሬ ብቻ ይዛ ብትሄድ ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

“ያልተፈተገ ጭራሽ የለም?”

ኡምኩልሱም በጓዳው ጥግ ወደ ቆመው፣ አፉ በእበት ወደተመረገው ጎታ ዞሩ።

“ዘሩ ብቻ ነው። አምና በረዶው ካወደመው የተረፈን ይኸው ነው። በዚህ ቤት ደግሞ የዘር ቀን ደርሶ ዱዓ ሳይደረግ ጎታ አይከፈትም። በረካው ይሄዳል፤ ነቀዝም ይገባል።”

“ሠላሳ ፍሬ ብቻ፣ እትዬ። ለልጆች ደም የሚሆነው ብረት የቱ ጋ እንዳለ እናያለን። ምናልባት ስንፈትግ ለዶሮ የምንበትነው ላይ ይሆናል።”

“እኔ ስበትነው የኖርኩት?”

ሴትዮዋ ዞረው ሙቀጫውን አዩት። ሁዳን መለመኗ አሳፈራት። ኡምኩልሱም ግን መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉና፣ “ቢስሚላህ” ብለው ምርጉን በቢላ ጫፍ ፈለቀቁት። ሠላሳ ፍሬ አንድ በአንድ ቆጥረው ሰጧት። ሁዳም እጅጌዋን ሰብስባ ጎታውን ራሷ በትኩስ እበት መልሳ መረገችው። ከደስታዋ የተነሳ እንባ እንባ አላት።

“የተፈተገውንም ውሰጂው፤ ጎን ለጎን ያስተያዩት” አሉ ኡምኩልሱም። “ሲጨርሱስ ምን ያደርጉታል?”

“ይጥሉታል።”

“ዘር ይጣላል?”

“ኤክስሬዩ ካለፈበት ላይበቅል ይችላል፣ እትዬ።”

“እሱን መሬቱ ይወቅ። አንቺ ብቻ አምጭልኝ፤ አላህ ካለ እዘራዋለሁ።”

ሁዳ እጇን ታጥባ ስልኳን አወጣች። ለላቦራቶሪው የምትልከው ቅጽ፣ ናሙናው ከምርመራ በኋላ ምን ይሁን ብሎ ይጠይቃል። ትናንት “ይወገድ” የሚለው ላይ ያደረገችውን ምልክት አጠፋችና “ለባለቤቱ ይመለስ” የሚለውን መረጠች። ባለቤት በሚለው ቦታም የኡምኩልሱምን ስም ጻፈች።