መጠጊያ ያልናት ለማን ነበር

በሰባ አንድ ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ መጠጊያ የምትባል ሴት ልጅ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የኔ ናት። ዓመት ሳይሞላ አራት ሆኑ። ሰው ያወጣው ስም ሲወደድለት ደስ ይለዋል አይደል? እኔ ግን አንዷ እናት ደጅ ተቀምጣ «መጠጊያዬ፣ መጠጊያዬ» እያለች ልጇን ስታባብል በሰማሁ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

እኔ አማከለችና ባሌ እስጢፋኖስ ከከምባታ የመጣን ጴንጤዎች ነን። እሱ ክር ፋብሪካ ይሠራል፣ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሹራብ እሠራለሁ። እሁድ እሁድ አንድ ወንድማችን ቤት ተሰብስበን፣ በር ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልይ ነበር። አንድ እሁድ አብዮት ጠባቂዎች ቤቱን ከበው ያገኙትን ሁሉ አፍሰው ወሰዱ፤ በሩንም አሸጉት። እኛ የተረፍነው እኔ ሆዴ ገፍቶ መራመድ አቅቶኝ ስላረፈድን ነው። ከመንገድ ተመለስን። ቤታችን እንዳንገባ፣ ከተያዙት አንዱ ስማችንን መናገሩ የማይቀር ነው። ዘመድ ቤት እንዳንል፣ ዘመድ የለን።

«ወተት የሚያመጡልን እማማስ?» አልኩት።

እማማ ደራርቱ ላፍቶ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ባላቸው ሞተው፣ ከላሞቻቸውና ከጤፍ ማሳቸው ጋር ብቻቸውን ቀርተዋል። በየሳምንቱ በጮጮ ወተት ሞልተው ጎፋ ይመጣሉ፤ ከእኛ ጋር ያላቸው ነገር ይኸው ነው። ማተባቸውን ያሰሩ፣ ማርያም ስትነካ የሚቆጡ ሰው ናቸው። ጴንጤ መሆናችንን ያውቃሉ፤ አይወዱትምም። ያን ቀን ደጃቸው ደርሰን እስጢፋኖስ አፉን ሳይከፍት ሆዴን አዩና፣ «ግቢ፣ ግቢ። እሱ ኋላ ያወራል» አሉ።

ጭድ ቤታቸው ውስጥ ከወር በላይ ከረምን። ልጄንም እዚያው ወለድኳት፤ እትብቷን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ እኔ «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ስል፣ «ተይ አሁን ግፊ፤ ኋላ እንጣላለን» ብለው ቆጣ አሉብኝ። እኛን ሲደብቁ ቢገኙ መሬታቸውን ተነጥቀው እስር ቤት ይገቡ ነበር። እኛም ይህን እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ፤ አንድም ቀን አላነሡብንም።

እስጢፋኖስ ሕፃኗን እንዳቀፈ «ስሟ መጠጊያ ነው» አለኝ። እንዲህ ተብሎ የተሰየመ ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ከመዝሙረ ዳዊት ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እሱም አለበት፤ ግን ለእማማ ነው» አለ። «እግዚአብሔር መጠጊያ ሲሰጥ በሰው እጅ ነው የሚሰጠው። ልጅቷ በተጠራች ቁጥር እሳቸውም ይጠሩ።» ያኔ እንዲህ የሚናገር ሰው ነበር። ቤታችን ስንገባ ደግሰን፣ በክብር ጠርተን እስክንነግራቸው ድረስ እሳቸው ፊት «ማሚቱ» እያልናት ቆየን። «እናንተ ሰዎች፣ ለልጅ የሚሆን ስም እንኳ የላችሁም?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

ነገሩ ሲረግብ፣ የተያዙትም ስማችንን እንዳልጠሩ ስንሰማ፣ «አገር ቤት ለቅሶ ሄደን እዚያው ወለደች» ብለን ወደ ጎፋ ተመለስን። ፋብሪካው ሠራተኛ አንሶት ስለነበር ብዙ ሳይጠይቅ ተቀበለው። ጉዱ የመጣው እስጢፋኖስ ልጅቷን ለራሽን ሊያስመዘግብ ቀበሌ የሄደ ዕለት ነው። ሊቀ መንበሩ ጓድ ግዛው ቀና ብሎ፣ «መጠጊያ? ይሄ ደግሞ የምን ስም ነው? የጴንጤ ነው እንዴ?» አለው።

ባሌ ደነገጠ። ደንግጦ ዝም ቢል ምን ነበረበት? አያቷ ናቸው ያወጡላት ቢልስ ምን ነበረበት? «አብዮቱ የጭቁኖች መጠጊያ ስለሆነ ነው፣ ጓድ» አለ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጓድ ግዛው ከመቀመጫው ተነሥቶ ጨበጠው። በዚያው ሳምንት እሁድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ባሌን አስቆመና፣ «እናንተ የአድኃሪ ስም ስትለቃቅሙ ከዚህ ላብአደር ተማሩ» ብሎ አስጨበጨበለት። የስሙንም ትርጉም ራሱ እንዲያስረዳ አደረገው። እኔ ልጄን አዝዬ ሴቶቹ መሐል ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ «ታድለሽ» አለችኝ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ዓይነ አፋር ናት ብለው ተዉኝ እንጂ፣ ከእፍረቱ ብዛት ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

ቤት ስንገባ ተጣላን። «የሰው ውለታ በላህ» አልኩት።

«ለማን ብዬ ነው? እውነቱን ብናገር ቀድመው የሚታሰሩት እሳቸው አይደሉም?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ያ ይባስ አናደደኝ። ለጥንቃቄ ብለን ደግሞ እማማ ደራርቱን ለጊዜው ወተት እንዳያመጡልን ለመንናቸው። «እሺ» አሉ፤ ለምን እንኳ አላሉም።

ከዚያ ወዲህ ስሙ እንደ ጉንፋን ተዛመተ። የጓድ ግዛው እህት ወለደችና ልጇን መጠጊያ አለቻት። የሴቶች ማኅበር ጸሐፊዋ ተከተለች፤ ከዚያ ቀበሌ ሱቅ ስኳር የምትመዝነው። አልፈርድባቸውም፤ ሰው የሚኖረው እንደ ዘመኑ ነው። ባሌ በየስብሰባው እየተነሣ ትርጉሙን ይናገራል። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እያደር ለመደው። እኔን ያስፈራኝ መልመዱ ነው።

ልጄ ዓመት ሲሞላት «ከዛሬ ወዲያ አላስተኛህም፤ እማማን እንጠራቸዋለን፣ እንነግራቸዋለን» አልኩት። ተስማማ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መጡ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤና አንድ ጮጮ ወተት ይዘዋል። ያለችንን አንድ ወንበር ሰጠናቸው፣ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስቀመጥን። «አድጋለች፣ እሰይ» እያሉ እግሯን ይዳብሳሉ። እስጢፋኖስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሊነግራቸው ነው። ያኔ በሩ ተንኳኳ።

ጓድ ግዛው ነው፤ እህቱን ከነልጇ አስከትሎ፣ ስኳር ይዞ። የመጠጊያን ልደት ሰምቶ ሊያከብር መምጣቱ ነው። እማማን አየና «ይህቺ ሴትዮ ማናት?» አለ።

«ወተት የሚያመጡልን ናቸው» አለ ባሌ።

እማማ ደራርቱ ልጄን አስረከቡኝና ተነሡ። ማንም ተነሺ አላላቸውም። በሩ አጠገብ ካለችው ዝቅተኛ የእንጨት ዱካ ላይ ሄደው ተቀመጡ፤ ጓድ ግዛው ወንበሩ ላይ ተደላደለ። እኔ ቆሜ አየሁ። እግሬ ሥር ወድቀው ቢሆን እንኳ እንዲህ አላፍርም ነበር።

«በል እንግዲህ፣ ሁለት መጠጊያ በአንድ ቤት» አለ ጓድ ግዛው እየሳቀ።

እማማ ቀና አሉ። «የልጅቷ ስም መጠጊያ ነው?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «ምን ለማለት ነው?»

«ጓድ እስጢፋኖስ፣ አስረዳቸው» አለ ጓድ ግዛው። «ገበሬውም ይስማ።»

ባሌን አየሁት። ምላሱ እንዲተሳሰር፣ ቢያንስ እንዲሳሳት ጸለይኩ። አልተሳሳተም። ጭቁኑ ሕዝብ ለዘመናት የሚጠጋበት አጥቶ እንደኖረ፣ ቤትና ዳቦ የሰጠው፣ በችግሩ ጊዜ በሩን የከፈተለት አብዮቱ ብቻ እንደሆነ፣ ልጁንም ለዚህ ውለታ ሲል እንደሰየማት አንድም ሳያስቀር ተናገረ። መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው። እማማ እጃቸውን አጣጥፈው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ደግ ስም ነው። ያሳድግላችሁ» አሉ። ከዚያ ቅቤውን ፈተው የልጄን አናት ቀቡ፤ የሌላዋንም መጠጊያ አናት ቀቡ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ጮጮውን ወደ ድስት ገለበጥኩና እሱን ልመልስ ብዬ ተከትያቸው ሮጥኩ። ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ላይ ደረስኩባቸው። ያለቀስኩት ገና ሳልናገር ነው።

«እማማ፣ እሱ ያለውን አይስሙት። ያ ሁሉ ውሸት ነው። ስሟን ያወጣነው እዚያው እርስዎ ጋ፣ ጭድ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ያወጣነውም...»

መዳፋቸውን አፌ ላይ አደረጉ።

«አትንገሪኝ፣ ልጄ» አሉ። «ነገ ሰዎቹ መጥተው የዚያች ልጅ ስም ከየት መጣ ቢሉኝ፣ ባልሽ የነገረኝን እነግራቸዋለሁ። ሌላ ካወቅሁ ግን እኔ መዋሸት አልችልበትም፤ ያስታውቅብኛል። ለናንተ አይሆንም።»

እጃቸውን አነሡና ጮጮውን ተቀበሉኝ። መንገዱ ላይ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም፤ መናገር እችል ነበር። እሳቸውም ትንሽ ቆም ብለው አዩኝ።

«እሺ» አልኳቸው።