ባዶ የመሰለችው ብልቃጥ

በዚህ የምርምር ተቋም መጋዘን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ ተረክቤያለሁ። ቆጥሬ ሳልጨርስ እስክሪብቶ ስለማላነሳ ሁሉም "ጋሽ ቆጣሪው" ይሉኛል። ልጄም እዚሁ ሦስተኛ ፎቅ ትመራመራለች፤ በሥራ ሰዓት እሷም "ጋሼ" ነው የምትለኝ፣ እንደ ማንም ሰው አንቱ እያለች። አባቷን ተጠግታ ገባች እንዳይባል የተስማማንበት ነው። "አባዬ" ለቤት ብቻ።

አራት ወር የጠበቀችው ዕቃ ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ሣጥኑን ሁለት ሰው ተሸክሞ አስገባው። ስከፍተው በረዶ ነው። ከበረዶው ሥር ሌላ ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ ከረጢት፣ በከረጢቱ ውስጥ የጣቴን ጫፍ የምታህል ብልቃጥ። "የሰው ፕሮቲን" ይላል ወረቀቱ። ከሥር ደግሞ፣ "ለላብራቶሪ ምርምር ብቻ፤ ለሰው አይሰጥም።" የሰው ሆኖ ለሰው የማይሰጥ ምን ጉድ ነው? ለመሆኑ የየትኛው ሰው ነው? ሰውዬውስ ያውቃል?

ብልቃጧን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁ። ምንም የለም። ክዳኗን ፈትቼ መዳፌ ላይ ገለበጥኳት፣ ቂጧን መታ መታ አደረግኩ። ምንም! ደሜ ፈላ። ልጄን አራት ወር አስጠብቀው በረዶ ላኩላት?

መጋዘናችን ደንብ አለው፤ ባዶ የመጣ ዕቃ ክዳኑ አቤቱታ ቅጹ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ለማስረጃ። ለጠፍኩ። በቀይ "ባዶ" ብዬ ጻፍኩና ብልቃጧን ቅርጫት ውስጥ ጣልኳት። እጄን ታጠብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር።

ልጄ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

"ጋሼ፣ መጣልኝ አሉ?"

"ባዶውን ነው የላኩት። አይዞሽ፣ ልክ አስገባቸዋለሁ።"

ፊቷ አመድ መሰለ። "ከፈቱት?"

"ካልከፈትኩ እንዴት እቆጥራለሁ?"

"አይታይም እኮ ጋሼ! ከጨው ቅንጣት ያንሳል። ደርቆ ነው የሚመጣው፣ ክዳኑ ላይ ይጣበቃል። ሳይከፈት በማሽን ተሽከርክሮ ነው ወደ ታች የሚወርደው። የመመረቂያ ሙከራዬ ሃያ ቀን ነው የቀረው፤ ሌላ ቢታዘዝ አራት ወር!"

ክው አልኩ። "ከማን ወስደውት ነው ግን?" አልኳት።

"ከማንም። ሰውነታችን ይህን ፕሮቲን የሚሠራበት መመሪያ አለ። መመሪያውን ባክቴሪያ ውስጥ ይከቱታል፣ ባክቴሪያው ይሠራዋል።"

ባክቴሪያ የሠራው የሰው ነገር! ራሴ ዞረ። መዳፌን አገላብጬ አየሁት። ታጥቤዋለሁ። የልጄን አራት ወር በሳሙና አጥቤ አፍስሼው ይሆን?

"ክዳኑስ?" አለች።

ቅጹን አሳየኋት። ጓንቷን አጠለቀች፤ ፕላስተሩን በመቆንጠጫ ቀስ ብላ ላጠች፣ ብልቃጧንም ከቅርጫት አወጣች። "ግማሹ ረግፎ ይሆናል። ሁሉም ሊሆን ይችላል። አላውቅም" ብላ ወጣች።

ማታ ራት ላይ፣ "ጋሼ፣ ጨው ያቀብሉኝ" አለችኝ።

እናቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ምን ሆናችኋል?" ጨውን አቀበልኳት። ረቡዕም "ጋሼ"፣ ሐሙስም "ጋሼ"። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ የክፍል ኃላፊው መስኮቴ ላይ ቆሞ ወረቀት እያስፈረመኝ ነበር። ከደረጃው በኩል ጩኸት መጣ።

"አባዬ! አባዬ፣ ና እይ!"

እጄን ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ጎተተችኝ። ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ አየሁ፤ ግራና ቀኝ የተበተኑ፣ የተጠላለፉ ነጫጭ ነገሮች።

"አደጉ! ክዳኑ ላይ የተረፈውን ፕሮቲን ያልሰጠኋቸው ሴሎች ሞተዋል፣ የሰጠኋቸው አደጉ!"

"የቱ ነው ታዲያ ፕሮቲኑ?"

"እሱማ አሁንም አይታይም።"

ደግመህ አስረዳን ብትሉኝ አልችልም። ዓይኖቿ እንባ ስላቀረሩ ብቻ የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ስመለስ ኃላፊው በቀይ የጻፍኩበትን ቅጽ ይዞ ይጠብቀኛል። "ይሄ 'ባዶ' የተባለው ምን ተብሎ ይስተካከል? ደግሞ... ልጅዎ ናት እንዴ?"

የመጀመሪያውን ጥያቄ ከነቅጹ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ዛሬም እዚያው ነው። ሁለተኛውን ግን ሳልቆጥር መለስኩ።

"አዎ፣ ልጄ ናት።"