ሻሽ የሚታሰርበት በር

ቀዩ መኪና ከጋራዡ ወደ ግቢው በወጣበት እሁድ ከሰዓት በኋላ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ እማማ፣ ልጃቸው የሒሳብ መምህሩ፣ የእማማ ታናሽ እህት፣ እና ቀለሙን የሠራሁት እኔ። ፀሐይ ነበር፤ ነፋስ አልነበረም። መምህሩ ለዕለቱ ክብር ሲሉ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ነበር።

እዚያ እንዴት እንደደረስን ከመጀመሪያው ልናገር።

የእኔ ሥራ የመኪና ቀለም ማወዛት ነው። ቀለም ቀቢ አይደለሁም። ቀቢ አዲስ ቀለም ያለብሳል፤ እኔ ያለውን ቀለም ከላይ የደረቀውን አንስቼ ከሥር ያለውን አወጣለሁ። አሮጌ መኪና ላይ ፋብሪካው የቀባው ቀለም አንዴ ካለቀ አለቀ፤ የሚተካው የለም። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምሠራው። ሰው ሲያየኝ የተኛሁ ይመስለዋል።

መምህሩ ወደምሠራበት ቦታ የመጡ ቀን አንድ ኮፈን በጨርቅ እያሸሁ ነበር። ቆመው ብዙ አዩኝ።

«በማሽን አትሠራም?» አሉ።

«ቀለሙ ስስ ከሆነ በእጅ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ና፤ የምታየው ነገር አለ» አሉኝ።

የመምህሩ ቤት ጋራዥ ውስጥ የቆመው ዝቅ ያለ፣ አፍንጫው ረዥም፣ ጣሪያው የሚከፈት የስፖርት መኪና ነበር። ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ቀለሙ የተፈጨ ሸክላ መስሏል። ጣቴን ሳሳርፍበት ሮዝ ዱቄት ይዞ ተነሣ። በተሳፋሪው ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«እናቴ ናት» አሉ መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትረሳለች። ያልረሳችው ይህን መኪና ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ገብታ ተቀምጣ አባቴን ትጠብቃለች። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ቢሆንም እዚህ ስትቀመጥ ሰላም ናት። አሁን አሁን ግን አንዳንድ ቀን ጋራዡ በር ላይ ቆማ ‹ይሄ የኛ አይደለም፤ የኛ ቀይ ነው› ትላለች። ከዚያ ቀዩን ፍለጋ መንገድ ትወጣለች። ባለፈው የአውቶቡስ ሹፌር ነው ከአስፋልቱ መሃል አንስቶ ያመጣልን።»

«ቀይ ነበር?»

«እሳት ነበር እንጂ! ቀዩን ልታወጣልኝ ትችላለህ?»

ከኮፈኑ ጥግ ላይ ጥፍር የምታህል ቦታ በዘይት አሸሁ። ጨርቁ ቀላ። ከሥሩ የወጣውን ሲያዩ መምህሩ እጄን ያዙኝ።

በማግሥቱ ሥራ ጀመርኩ። እጄን ልታጠብ ወደ ቤት ስገባ ከመታጠቢያው በላይ አንድ ምስማር ብቻውን ቀርቷል፤ ከሥሩ ግድግዳው በአራት ማዕዘን ነጣ ብሏል። መተላለፊያው ላይም እንደዚያው። የመኪናውን ስፖኪዮዎች ደግሞ አንድ ሰው ካልሲ አልብሷቸዋል። መጠየቅ ፈልጌ አፈርኩ። የእማማ እህት ግን አይተውኛል።

«ምን ታፈጣለህ? መስታወቶቹን እኛ ነን ያወረድናቸው» አሉኝ። «እህቴ መስታወት ውስጥ አሮጊት ታያለች። ‹ይቺ ሴትዮ ማናት? ማን አስገባት?› ብላ ቤቱን ትገለብጠዋለች። እኔን ደግሞ እናቴ ነሽ ትለኛለች። ታናሿ ሆኜ ሳለ እናት አደረገችኝ፤ ምን ታደርገዋለህ!»

እትዬ እላቸው ነበር። ሻይ ይዘውልኝ ሲመጡ ጨርቄን አይተው ደነገጡ።

«ደማ እንዴ?»

«ቀለሙ ነው፣ እትዬ። አሮጌ ቀለም ትንሽ ይለቃል።»

«አንተም ትንሽ ልቀቅ እንጂ። ምላስህን ከሰሙ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ነው እንዴ የምታስቀምጠው?»

መኪናው የተገዛበትን ታሪክ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። «ባሏ ልጅ በወለደች በዓመቱ ሁለት ሰው የሚይዝ መኪና ገዝቶ መጣ። ‹ልጁንስ የት ልታስቀምጠው ነው?› አልነው። ‹እሱ ሲያድግ የራሱን ይግዛ› አለን። ይኸው አድጎ አስተማሪ ሆነ፤ በአውቶቡስ ይሄዳል።»

እማማ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ እኔ ራቅ ያለውን ክንፍ እሠራለሁ። አንዳንዴ ያናግሩኛል።

«ልጄ፣ እሱን አይተኸዋል? ቁልፍ ሊያመጣ ገባ።»

«አሁን ይመጣሉ፣ እማማ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ቤቱን ያምሳል» ብለው ይስቃሉ። ከዚያ ቦርሳቸውን አስተካክለው ይጠብቃሉ። ሲጠብቁ ፊታቸው ላይ ጭንቀት የሚባል የለም። የአንድ ሰው መምጣት እርግጠኛ ሲሆን የሚታየው ዓይነት ፊት ነው።

የቀለሙን ውፍረት የምለካበት ትንሽ መሣሪያ አለኝ። ኮፈኑም ክንፎቹም ደህና ነበሩ። በተሳፋሪው በኩል ያለው በር ላይ ሳሳርፈው ግን ቁጥሩ ወደ ግማሽ ወረደ። ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ለመምህሩ ነገርኳቸው።

መምህሩ ሳቁ። «እሱስ አባቴ ነው። ሁለቱ ከመውጣታቸው በፊት ያንን በር በእጁ ያሸው ነበር። እሷ ጎንበስ ብላ በሩ ላይ እያየች ሻሿን ታስራለች። ‹የቤቱ መስታወት አይበቃሽም?› ሲላት ‹ይሄኛው ያሳምረኛል› ትለዋለች። ከዚያ በሩን ከፍቶ ያስገባታል። ስንት ዓመት እንዲህ አደረገው።» ቆም አሉና፣ «ያንን በር አሳምርልኝ» አሉኝ።

በሩን ወደ መጨረሻ አቆየሁት። ቅዳሜ ዕለት እማማን በር ዘግተው ቤት አዋሏቸው፤ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ እንዲያዩት ነው የተባለው። ጠርዙንና የእጀታውን ዙሪያ በፕላስተር ሸፈንኩ። ማሽኑን አላነሣሁም። ለስላሳ ጨርቅ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ሳልጫን አሸሁ። ጨርቁ ሲቀላ አቆማለሁ፤ እለካለሁ፤ እቀጥላለሁ። ቀዩ ቀስ እያለ መጣ፤ በመጨረሻ ሰም ቀባሁት። የሥራዬ ማረጋገጫ አንድ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ጥርሴን አያለሁ። ጥርሴ ከታየኝ አልቋል ማለት ነው። ታየኝ።

እትዬ መጥተው ከጎኔ ጎንበስ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ይሄን ሁሉ መጨማደድ ከየት አመጣኸው? ቀይ አውጣ አልንህ እንጂ አሮጊት አውጣ አልንህ?»

መምህሩ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ። ሦስታችንም እዚያ ቆመን ፊታችንን እያየን ሳቅን፤ ከሦስታችን አንዳችንም ሌላ ነገር አላሰብንም።

እሁድ መኪናውን ገፍተን ግቢው መሃል አቆምነው። እትዬ እማማን ደግፈው አወጧቸው። እማማ ደረጃው ላይ ቀጥ አሉ።

«ቀዩ!» አሉ። «መጣ እኮ! የኛ መጣ!»

የእህታቸውን እጅ ለቀው ብቻቸውን ወረዱ። እንደዚያ ፈጥነው ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም። አፍንጫውን ዳሰሱት፤ ክንፉን ዳሰሱት። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እማማ ቦርሳቸውን ከፍተው ሻሽ አወጡ። ሻሹ ቦርሳው ውስጥ መኖሩን እህታቸው እንኳ አያውቁም ነበር። ወደ በሩ ሄዱ፤ ሻሹን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ሁለቱን ጫፎች አገጫቸው ሥር ያዙ፤ ጎንበስ አሉ።

እጃቸው ቆመ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መምህሩም ገብቷቸው ሮጡ፤ ግን አልደረሱም።

«አንቺ ማነሽ?» አሉ እማማ በሩን።

ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። በበሩ ውስጥ ያለችውም ፈቀቅ አለች።

«በእሱ መኪና ምን ትሠሪያለሽ? ሻሼን ማን ሰጠሽ?» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው? አንተም ታውቅ ነበር?»

«እማዬ፣ ማንም የለም። አንቺ ነሽ እኮ፤ ራስሽ ነሽ።»

«እኔ?»

እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ጉንጫቸው ወሰዱ። ያችም ወሰደች። እማማ ለጥቂት ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሱ፤ እህታቸው አቅፈው ወደ ቤት አስገቧቸው።

መምህሩ ግቢው ውስጥ ቆመው ቀሩ። ነጩ ሸሚዛቸው በሩ ላይ ይታያል።

«አደብዝዘው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ በር ሌላ መታሸት አይችልም። ብርድ ልብስ ብናለብሰውስ?»

«እናቴ በተሸፈነ መኪና ውስጥ አትገባም። አደብዝዘው።»

መጀመሪያ የሳሙና አረፋ ቀብቼ እንዲደርቅ ተውኩት። ደበዘዘ፤ ግን መምህሩ በመዳፋቸው ሲነኩት የነኩት ቦታ መልሶ አበራ። እማማ ደግሞ መንካታቸው አይቀርም። ስለዚህ ደቃቁን የብርጭቆ ወረቀት ውኃ ውስጥ ነክሬ በሩን አሸሁበት። ውኃው ቀላ። ከእጀታው ሥር በመጀመሪያ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ቀጥሎ ግራጫው የሥር ቀለም ወጣ። ከላሜራው በፊት ያለው የመጨረሻው ነው። አቆምኩ።

መምህሩ ግራጫው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «እዚህ ጋ ነበር ሲያሸው የሚጀምረው» አሉ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እማማ ወጡ። ሻሻቸውን አስረውት ነበር፤ በደንብ አይደለም። በሩ ላይ ጎንበስ ብለው አዩ፤ በእጃቸው ዳሰሱ። ምንም አልታያቸውም።

«ሄደች?»

«ሄደች፣ እማዬ» አሉ መምህሩ። «ከእንግዲህ አትመጣም። ግቢ፤ ተቀመጪ።» በሩን ከፈቱላቸው።

እማማ ወንበሩን አዩ፤ ከዚያ መሪው ያለበትን ባዶ ወንበር አዩ።

«እሱስ?»

መምህሩ ሁልጊዜ የሚሉትን ማለት ነበረባቸው፤ ቁልፍ ሊያመጣ ገብቷል ማለት። አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ዘገዩ።

«አብሯት ሄደ» አሉ እማማ። አልጮኹም፤ አላለቀሱም። «ቁልፉንም ይዞ ነው የሄደው።»

ሻሻቸውን ፈትተው አጠፉት፤ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቦርሳውን ዘግተው ማንም ሳይደግፋቸው ወደ ቤት ተመለሱ።

ከዚያ ቀን በኋላ እማማ መኪናው ውስጥ አልተቀመጡም፤ ሊፈልጉትም መንገድ አልወጡም። መምህሩ መኪናውን ሸጡት፤ የገዛው ሰው በሩን አዲስ ቀይ አስቀባው።