ሃያ ሁለት ከሃያ ሁለት

ልጄ ሌንሳ ዶክተር ልትሆን ነው። መርፌ የሚወጋው ዓይነት አይደለም፤ የሚያጠናው ነው። ይህን ለሰፈራችን ለለቡ ሰው ማስረዳት አድካሚ ነው። ጉልበቱን ያመመው ሁሉ ቤቴ ድረስ እየመጣ «ሌንሳ የለችም እንዴ?» ይላል። «እሷ የምታጠናው የሰፈሩን ሰው ሁሉ እንጂ ያንተን ጉልበት አይደለም» እያልኩ እመልሳለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ስምንት ዓመት ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ተማረች። አሁን የሦስተኛውን ዲግሪ የክፍል ትምህርት ጨርሳለች፤ የቀራት ጥናቱ ነው። ጥናቱ ግን ዝም ብሎ አይጀመርም። መጀመሪያ ዕቅዱን መምህራኑ ፊት አቅርባ «ጀምሪ» መባል አለባት። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ያ ሐሙስ ካመለጣት የሚቀጥለው ተራ ከስድስት ወር በኋላ ነው።

የምታጠናው የደም ግፊት ክኒን ጀምረው የሚያቋርጡ ሰዎችን ነው፤ ለምን እንደሚያቋርጡ። ዋናው ጥናት ጎፋና ነፋስ ስልክ ይሠራል። ከዚያ በፊት ግን መጠይቁ ሌላ ቦታ ይሞከራል። ሙከራው እኛ ሰፈር ሆነ፤ ሃያ ሁለት ሰው። ሌንሳ ጎረቤቶቿን ራሷ መጠየቅ አልፈለገችም። «እኔን ካዩ እውነቱን አይነግሩኝም» ብላ ሰፈሩ የማያውቃቸው ሁለት ጠያቂዎች አዘጋጀች። ጠንቃቃ ናት፤ በእኔ ወጥታ ነው።

ጠያቂዎቹ በሚመጡበት ዋዜማ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። የሰፈራችን የግፊት ታማሚ ማን ማን እንደሆነ ከጤና ጣቢያው በላይ አውቃለሁ፤ እኔም አንዷ ነኝ። ቤት ለቤት ዞርኩ። «ነገ ከሌንሳ ዘንድ ጠያቂዎች ይመጣሉ፤ እንዳታሳፍሩኝ» አልኩ። ባለሱቋ ጎረቤቴ አስቴር «አዴ ገዲሴ፣ ምን ልመልስ?» ስትለኝ «ጥሩ ጥሩውን» አልኳት። ምን ላድርግ! ልጄን አብረውኝ ያሳደጉ ሰዎች ናቸው፤ በእሷ ቀን አምረው እንዲታዩ ፈለግሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሌንሳን ላፕቶፗ ላይ አፍጥጣ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«ከሃያ ሁለቱ ሰዎች ሃያ ሁለቱም ክኒናቸውን አንድ ቀን እንኳ አልዘለሉም።»

እልልታዬን አቀለጥኩት።

«እማ፣ ዝም በይ በናትሽ! ይሄ እኮ ጥፋት ነው።»

አማካሪዋ ዶክተር ወጋየሁ ደውለውላት ነበር። ማንም የማያቋርጥ ከሆነ የሚጠና ችግር የለም፤ ሰዎቹ ደብቀው ከሆነ ደግሞ መጠይቁ አይረባም። በዚህ ሁኔታ ሐሙስ እንዳትቀርቢ ብለዋታል።

ተናደድኩ። «ሰፈራችን ደህና ሆኖ ተገኘ ብለው ነው የሚቆጡት? ምን ዓይነት አስተማሪዎች ናቸው!»

«ጤና ጣቢያው እኮ ክኒን ከጀመሩት ግማሹ ተመልሶ አይመጣም ይላል» አለች። «የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ጠፋኝ። ጥያቄዎቹን ሦስት ጊዜ ነው ያስተካከልኳቸው።»

ልጄ ስህተቱን ከራሷ ላይ ትፈልጋለች፤ ስህተቱ ግን አጠገቧ ቆሟል። ልጄ ፊት አንገቴን የደፋሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አልተሳሳትሽም። እኔ ነኝ። ከጠያቂዎቹ በፊት ሁሉም ጋ ሄጄ ነበር።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ወንበር ሳበችልኝና ባዶ ወረቀት አወጣች።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው? ቃል በቃል።»

ነገርኳት፤ ጻፈች። ቀጥላ፣ ገና ዛሬ እንደተዋወቅን ሁሉ ረጋ ብላ፣ «አሁን አንቺን ልጠይቅሽ። ካልፈለግሽ አለመመለስ ትችያለሽ። ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን ክኒኑን ሳይወስድ ይውላል። አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔማ በየቀኑ...» ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም። ሰው እንዲህ ሲጠየቅ መዋሸት ያስቸግራል።

«ከመስከረም ጀምሮ ትቼዋለሁ» አልኩ።

ብዕሯ ቆመ።

«ሽንት ያበዛብኛል። ለንግዴ ጎመን ላመጣ በጠዋት ታክሲ ስይዝ መንገድ ላይ ይወጥረኛል፤ ገበያው ውስጥ ሽንት ቤት የለም። ወንዶቹ አጥር ሥር ይቆማሉ። እኔ የት ልሂድ?»

ሌንሳ መጠይቋን ገለጠች። መርሳት አለ፣ የገንዘብ እጥረት አለ፣ ተሽሎኛል ማለት አለ። ሽንት ቤት የሚል የለም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለእኔ ይሁን ለጥናቱ አልጠየቅኳትም።

«ነገ ትጀምሪያለሽ» አለች። «መቀየር ከተቻለም ሐኪሙን አብረን እንጠይቃለን።»

እሑድ መጠይቁን እንደገና ሠራችው። ሰኞና ማክሰኞ ጠያቂዎቹ እኔ ወዳልዞርኩበት ሃና ማርያም ሰፈር ሄዱ፤ እኔ ከደጄ እንዳልወጣ ታዘዝኩ። እዚያ ከሃያ ሁለቱ አሥሩ ማቋረጣቸውን ተናገሩ። ዶክተር ወጋየሁም «እንግዲያው ቅረቢ» አሏት።

ሐሙስ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ልጄ ያን ሁሉ ምሁር ፊት ለፊት እያየች ስትናገር ኮራሁ፣ በጣም ኮራሁ። ከመምህራኑ አንዷ «ሰዎች እንደሚደብቁ በምን አወቅሽ?» ብለው ጠየቋት። ሌንሳ ስለ እኔ ለመናገር ጠዋት ፈቃዴን ጠይቃኝ፣ «ንገሪያቸው» ብያት ነበር።

«ያስተማሩኝ እናቴ ናቸው፤ እዚያ ተቀምጠዋል» አለች። ቤት ለቤት መዞሬን ሳታስቀር ሁሉንም ዘረዘረችው።

ሰብሳቢው፣ ጸጉራቸው የሸበተ ፕሮፌሰር፣ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ። «እናታችን፣ አሁንስ ክኒኑን ይወስዳሉ?»

«ካልፈለጉ አለመመለስ ይችላሉ» አለች ሌንሳ ቶሎ ብላ።

ተነሳሁ። «አዎ» ብል ያበቃ ነበር፤ ለልጄም ያምርላት ነበር።

«ከእሑድ ጀምሮ ስወስድ ነበር» አልኩ። «ዛሬ ግን አልወሰድኩም። እሷ ስትናገር መሃል ላይ ወጥቼ አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ ብዬ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሌንሳ ብቻ አልሳቀችም፤ ጎንበስ ብላ ጻፈችው።

ሰብሳቢው ይህን አዩ። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «በይ፣ ጀምሪ» አሏት።

እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ አይሰማም።