እስከ ማታ እንዞራለን

መኪና የምጠራበት መተግበሪያ ላይ፣ መነሻና መድረሻ ከሚሞላበት ቦታ ሥር አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። «ለሹፌሩ መልእክት ካለዎት» ትላለች። እኔ ባዶዋን ነበር የምተዋት።

አብራኝ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ፀደንያ በዚህ ትቆጣኛለች። ከንፈሯን እንዳነብ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን መለስ አድርጋ፣ «አልሰማም ብለሽ ጻፊ! አንድ ቃል ናት፤ ምን ትፈጅብሻለች?» ትለኛለች።

ጽፌ አውቃለሁ። ከሉማሜ ደብረ ማርቆስ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ጻፍሁ። የመጀመሪያው ሹፌር ወዲያው ሰረዘኝ። ሁለተኛው መጣ፤ ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ መንገደኛውን ሁሉ «ይህችን ደንቆሮ የት ነው የማደርሳት?» እያለ ሲጠይቅ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ሳጥኗን አልነካኋትም። ሰባት ዓመቴ ላይ ማጅራት ገትር ጆሮዬን ይዞት ሄደ። መናገር አልረሳሁም፤ ነገር ግን ድምፄ ምን እንደሚመስል ስለማላውቅ በማላውቀው ሰው ፊት አላወጣውም።

ያን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ የቅጥር ፈተና ነበረኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ በኋላ የተጠራሁበት የመጀመሪያው ፈተና ነው። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሲሆን መኪና ጠራሁ፤ ስልኬ «ገዳሙ፣ ነጭ ቪትዝ» አለኝ። ሹፌሮች መደወል ስለሚወዱ ቀደም ብዬ «በሩ ላይ ቆሜአለሁ፣ ነጭ ነጠላ ለብሻለሁ» ብዬ በጽሑፍ ላክሁለት።

ሰውየው ሃምሳን የተሻገረ ሸበቶ ነው። ከኋላ እንደ ገባሁ ዞር ብሎ አንድ ነገር አለኝ። አፉን በደንብ ስላላየሁት አልገባኝም። አንገቴን ነቀነቅሁለት። ልማዴ ነው፤ ያልገባኝን ነገር ሁሉ እሺ እላለሁ።

ዋናው መንገድ ጋ ስንደርስ ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ስልኬን አየሁ፤ ኢንተርኔቱ ተቋርጧል፣ ካርታው ደርቆ ቆሟል። ቤቶቹ እየሳሱ ባሕር ዛፉ እየበዛ ሄደ። ሰው በሚታገትበት በዚህ ጊዜ ከከተማ ዳር መውጣት ማንም አይወድም። አቋራጭ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰውየው በመስታወቱ አየኝ፤ ከዚያ ፊቱን መለስ አድርጎ ተናገረ። አሁን ከንፈሩን በደንብ አየሁት።

«እስከ ማታ እንዞራለን።»

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ዓይኔን ከአፉ ሳልነቅል ጠበቅሁ። ደገመው። ከንፈሩ ገጠመ፣ ተከፈተ። እስከ ማታ። እንዞራለን።

ምንም ስላልመለስሁለት ስልኩን አንሥቶ ደወለ። ከጎኑ የማየው የአፉን ግማሽ ብቻ ነው። «ልጅቱ…» አለ። ቀጥሎ «ብቻዋን ናት» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ዝም ብላለች።»

ለፀደንያ «ከከተማ ሊያወጣኝ ነው» ብዬ ጻፍሁ። አልሄደም። በድጋሚ ላክሁት፤ አልሄደም።

ከፊታችን ከብቶች መንገዱን ሲሞሉት መኪናዋ ቆመች። የበሩን መክፈቻ ሳብሁ፤ አልተከፈተም። በሁለት እጄ ሳብሁት። ሰውየው ዘወር ብሎ እጁን እያወዛወዘ ተናገረ፣ እኔ ግን ከእንግዲህ አፉን ለማንበብ ዓይኔ አልታዘዝ አለኝ። ወንበሩ፣ ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ ሁሉም ወደ እኔ ተጠጋ።

«አውርዱኝ!» አልሁ።

ደነገጠ። ወደፊት እያመለከተ አንድ ነገር ሊያስረዳኝ ጀመረ።

«አልሰማም! አልሰማም!»

ፊቱ ተለወጠ። ንዴት ነበር። «አልሰማም?» ሲል በግልጽ አየሁት። «ምን አጠፋሁና ነው የማትሰሚኝ? ሦስት ጊዜ ነገርሁሽ!»

ያኔ ገባኝ። ፀደንያ አንድ ቃል ናት ያለችኝ ቃል ለሰውየው «እምቢ፣ አልታዘዝህም» ነበረች። ጆሮዬን በጣቴ መታ መታ አደረግሁ። «ጆሮዬ» አልሁ፤ «ጆሮዬ አይሰራም።»

ሰውየው ወርዶ በሩን ከውጭ ከፈተልኝ። ዘልዬ ወረድሁና ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ ከመንገዱ ዳር ቆምሁ። እሱም ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ራቀልኝ። ወዲያው የኋላውን መስታወት አቧራ አየና በጣቱ ጻፈበት።

ባታ።

ከዚያ በባሕር ዛፉ ላይ ብቅ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አመለከተኝ። በዓታ ለማርያምን አውቃታለሁ፤ በመጽሐፍ ነው የማውቃት፣ በ፣ ዓ፣ ታ ተብላ። አፍ አሳጥሮ «ባታ» እንደሚላት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ባ እና ማ ደግሞ ከንፈር ላይ መንትያ ናቸው።

«መንገዱ ተቆፍሯል» አሉኝ ጋሽ ገዳሙ፣ በእጃቸው የአካፋ ምልክት እየሠሩ። «እስከ ባታ እንዞራለን አልሁሽ፣ ገና ስትገቢ። አንገትሽን ነቀነቅሽ አይደል?»

«በሩስ?»

«ከውጭ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ አሮጌ ነው። እኔም እኮ ፈራሁ፣ ልጄ! ነጭ ለብሰሽ፣ ብናገር ብናገር ዝም። ለባለቤቴ ለያለምወርቅ ደወልሁ፤ ጠበል ልውሰዳት ወይስ ሐኪም ቤት አልኋት።»

«ምን አሉዎት?»

«ወሬህ ሰልችቷት ይሆናል አለችኝ።»

መሳቅ ፈልጌ ነበር። ቦርሳዬን ግን ከደረቴ ላይ ገና አላወረድሁም።

አፋቸውን እንዳይ ከፊት አስቀመጡኝ። መንገዱን ሙሉ አፋቸውን እየበለቀጡ ሲናገሩ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «አይጩኹ፣ ጋሼ» አልሁ፤ «እንደ ልማድዎ ይናገሩ።»

ፈተናው ሊጀመር አራት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። ልወርድ ስል «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ።

«ብነግርዎት ይመጡ ነበር?»

መሪውን በመዳፋቸው አሸት አሸት አደረጉ። «እንጃ» አሉ። ቀና ብለው ደግሞ አዩኝ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እንጃ።»

ፈተናውን ጨርሼ ስወጣ አሥር ተኩል ሆኗል፤ ኢንተርኔቱ ተመልሷል። ሳጥኗን ከፈትሁ። «አልሰማም» ብዬ ጻፍሁና አጠፋሁት። «መስማት አልችልም። መንገድ ከቀየሩ ቆመው በጽሑፍ ይንገሩኝ» ብዬ ላክሁ።

የመጀመሪያው ሹፌር ሰረዘኝ።

ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና ዘበኛው ነን። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፤ ቀን ላይ ያልነበረ ሌላ ፍርሃት መጣ፤ እዚሁ ቆሜ የመቅረት። ጣቴ መልእክቱን ሊያጠፋው ተጠጋ። ለምን እንዳላጠፋሁት እንጃ። በሩ ትዝ ብሎኝ ይሆናል።

ሁለተኛ ስም መጣ፦ አንሙት። መኪናው ካርታው ላይ ቆመ፤ አልተንቀሳቀሰም። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሊሰርዘኝ ነው ስል ስልኬ በእጄ ውስጥ ነዘረ።

«ዋናው መንገድ ዝግ ነው። በባታ ዞረን ነው የምንሄደው። ይሁን?»

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «እሺ» ብዬ ጻፍሁ፤ አሁን የገባኝን ነገር ነው እሺ ያልሁት።