ላም ቁጥር ሃያ ስድስት

አዲስ ፕሮግራም ከመጠን በላይ ሲወደስ ስሰማ ደስ አይለኝም። ኮምፒውተር ጠልቼ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። ወልድያ ውስጥ ለመድኃኒት ቤትና ለመለዋወጫ ሱቅ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው የምኖረው። ስለዚህ «ማሽኑ ራሱ ያስባል» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን አስተማረው?» ብዬ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የካቲት ላይ ጌትነት የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ጦርነቱ ከእኛ አካባቢ ገለል ካለ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ሰው ሲሸሽ ከብቱም ተበትኖ፣ አሁን ከየጫካውና ከየመንደሩ ተለቅሞ መርሳ ዳር አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ታጉሯል። የጌትነት ድርጅት ደግሞ የከብት ፊት አይቶ ባለቤቱን የሚለይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለኝ ብሏል። እኔ ለሦስት ቀን ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ።

«በምን ዓይነት ከብት ፎቶ ነው የሠለጠነው?» አልኩት ገና ሻንጣውን ሳያወርድ።

«በግማሽ ሚሊዮን ፎቶ!»

«ብዛቱን አልጠየቅኩህም። የየት አገር ከብት?»

«አንቺ ደግሞ፣ ቤዛዊት! ላም ላም ናት።»

ፎቶዎቹን ከፍቼ አየኋቸው። ሁሉም ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ላሞች ናቸው፤ ታጥበው፣ ጠግበው፣ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎባቸው። ግቢው ውስጥ ያሉት የእኛዎቹ ግን ዳማ፣ ዳልቻ፣ ቡላ፤ ሁሉም ከስተው አቧራ ለብሰዋል። ስክሪኑን ወደ ግቢው ላሞች አዙሬ አሳየሁትና ላፕቶፑን መለስኩለት።

ሌላም ችግር ነበር። ማሽኑ ከብቱን የሚያመሳስልበት የድሮ ፎቶ ይፈልጋል፤ የሐብሩ ወረዳ ገበሬ ደግሞ ላሙን ፎቶ አያነሳም፤ ምን ሊያደርግለት? ስለዚህ ሰዉ ያለውን ይዞ መጣ። የሠርግ ፎቶ፣ የምርቃት ፎቶ፣ ከሙሽራው ትከሻ ኋላ ግማሽ ቀንድ ብቅ ያለበት ፎቶ።

ወይዘሮ ቡርቱካን ከውርጌሳ ይዘው የመጡት የአረፋ ፎቶ ነው። ልጃቸው ኢብቲሳም አዲስ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች፤ ከኋላዋ ጥግ ላይ የአንዲት ላም ጆሮና ነጭ ግንባር ይታያል።

«ሻሺት ናት» አሉ በጣታቸው እያሳዩኝ። «ቤቴ ተዘርፏል፣ ልጄ። እሷ ከተገኘች ልጆቼ ወተት አገኙ ማለት ነው። ሌላ የለኝም።»

ጌትነት ፎቶውን አስገባ። ስክሪኑ አረንጓዴ በራ። «ተገኘ! ሰማንያ ዘጠኝ በመቶ!» ብሎ ብድግ አለ። አረንጓዴው ሳጥን የከበበው ግን የኢብቲሳምን ፊት ነው፤ ያመሳሰላትም ከበሬ ቁጥር አርባ ጋር።

ወይዘሮ ቡርቱካን ጎንበስ ብለው አዩት። «ውይ በነቢ! ልጄን ለበሬ ዳራት እኮ!» ሲሉ ግቢው በሳቅ አውካካ። እኔማ አጥሩን ይዤ ነው የሳቅኩት።

ሳቁ ገና ሳያባራ ወይዘሮ ቡርቱካን በአጥሩ ቀዳዳ አንዲት ላም አዩ። «ያችውና! ሻሺት!» ላሟ አንገቷ ላይ ቁጥር ሃያ ስድስት ተንጠልጥሎባታል።

የከብት አስመላሽ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ በላይ ማሽኑ ያወጣውን ዝርዝር አገላበጠ። «ሃያ ስድስት የጋሽ ሚስባህ ናት ይላል። ዘጠና ሰባት በመቶ። ጋሽ ሚስባህ፣ መጥተው ይፈርሙ።»

ጋሽ ሚስባህ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። «የኔ አይደለችም።»

«ማሽኑ የእርስዎ ናት ብሏል።»

«እኔ የጠፋብኝ በሬ ነው! ላምና በሬ መለየት ያቃተው ነው ባለቤት የሚለየው?»

«አንቱ ዝም ብለው ይፈርሙ። ማሽኑ አይሳሳትም።»

«ወላሂ አልፈርምም! የሰው ከብት በግድ ውሰድ ሲባል ዛሬ ገና አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሐራም አታብሉኝ!»

አቶ በላይ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መመሪያ ይፈራል እንጂ። «ማሽኑ ያላረጋገጠው ከብት ከግቢ አይወጣም ተብያለሁ። ካልፈረሙ ባለቤት እንደሌላት ተቆጥራ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቀሩት ጋር ወደ ሌላ ወረዳ ትጫናለች።» የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነው።

ወይዘሮ ቡርቱካን ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። ፎቶውን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

ጋሽ ሚስባህ ግን ወደ ጌትነት ዞሩ። «ስማ፣ የኔ ልጅ። ገበያ ላይ ከብታችን ሲቀላቀል ባለቤቱ ይጣራል፣ ከብቱ ይመጣል። ይህቺ ሴት እስቲ ትጥራት።»

«እኔ ያልተፈተሸ ሥራ ለደንበኛ አላስረክብም» አልኩት እኔም። «ያንተንም እንፈትሸው።»

ጌትነት ስክሪኑን አየ፤ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡትን ሴት አየ። ከዚያ ላፕቶፑን ከደነው። «ይጥሯት» አለ። ከመጣ ጀምሮ የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።

የግቢው በር ተከፈተ። ወይዘሮ ቡርቱካን ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።  ከዚያ ለማለቢያ ሰዓት ብቻ በምትሆን ለስላሳ ዜማ «ነይ ሻሺቴ፣ ነይ እመቤቴ፣ ነይ ልጆችሽ ጠበቁሽ» አሉ።

ቁጥር ሃያ ስድስት ጆሮዋን አቀናች። እምቧ አለች። በመሃል የቆሙትን በጎኗ እየገፋች መጥታ ግንባሯን የወይዘሮ ቡርቱካን ብብት ውስጥ ወሸቀች። እሳቸው እያለቀሱ ይስቃሉ፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ጆሮዋን ያሻሉ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው! ሰዉ ሁሉ በሩ ላይ ተሰልፎ ይጣራ ጀመር። አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ ጋሽ ሚስባህ «ቦራ!» ሲሉ ቀንዱ የተሰበረ በሬ ከግቢው ጫፍ እየሮጠ መጣ። ተጣርተው ተጣርተው ምንም ያልመጣላቸውም ነበሩ፤ ጋሽ ሚስባህ አንዱን ጎረቤታቸውን «በኔ በሬ ታርሳለህ» ብለው ወደ ቦራ ይዘውት ሄዱ። የጭነት መኪናው ሲነሣ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር።

የቀረው ከብቱ ከግቢ የሚወጣበት ፎርም ነው። «ባለቤትነቱን ያረጋገጠው» ከሚለው መስመር ፊት የጌትነት ድርጅት ስም አስቀድሞ ታትሟል። ጌትነት እስክሪብቶ አወጣና በስሙ ላይ ሰረዘበት። ትንሽ አሰበና ከላዩ «ሻሺት» ብሎ ጻፈ።

አቶ በላይ አነበበው። ቀና ብሎ አየ። ሻሺት የወይዘሮ ቡርቱካንን ክንድ እየላሰች ነበር። ማኅተሙን አንሥቶ መታበት።